ሻወር ቤት ሲታደስ ከሴራሚኩ ጀርባ ምን ቦርድ ይግባ?

ሀዋሳ ውስጥ መታጠቢያ ቤት ለማደስ የተነሳ ሰው ሴራሚክ ሲመርጥ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል። ቀለሙን ያያል፣ ያዳልጥ እንደሆነ ይጠይቃል። ደግ ያደርጋል። ሴራሚኩን ተሸክሞ የሚኖረው ግን ከጀርባው ያለው ነገር ነው። እሱ ከላላ የቱንም ያህል ውድ ሴራሚክ ቢለጠፍ መነቀሉ አይቀርም። ስለዚህ ከግድግዳው እንጀምር።

1. ግድግዳው ምን እንደሆነ እወቁ

በጣታችሁ አንጓ አንኳኩት። ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠና ቤቱ የጭቃ ካልሆነ የተለሰነ ብሎኬት ነው። እንዲህ ከሆነ ቦርድ አያስፈልጋችሁም። ሻጭም ሆነ ባለሙያ ግዙ ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ባዶ የሚጮኸውን ልስን አራግፉ፣ በሲሚንቶ አስለስኑት፣ የውሃ መከላከያ ቅብ ቀቡ። በቃ።

ቦርድ የሚያስፈልገው በሞራሌ ወይም በብረት ፍሬም ለተከፈለ ክፍል፣ ለቺፑድና ለጂብሰም ግድግዳ፣ እንዲሁም ለጭቃ ቤት ነው። የጭቃ ግድግዳ ከላይ በሲሚንቶ ቢለሰንም ውስጡ ያለው እንጨት ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ሴራሚክ ደግሞ አብሮት መተጣጠፍ አይችልም፤ ይሰነጠቃል። እዚህ ላይ ከግድግዳው ፊት ራሱን የቻለ ፍሬም አቁሞ ቦርዱን እዚያ ላይ መምታት ይሻላል። የበሰበሰ እንጨት ካለ ግን መጀመሪያ ይቀየር። የኮንዶሚኒየም አግሮስቶን መከፋፈያም ገፋ ሲያደርጉት ከተነቃነቀ ሳይጠናከር ሴራሚክ አይለጠፍበት።

ቤታችሁ ወደ ሐይቁ የቀረበ ከሆነ የግድግዳውን ግርጌ በደንብ እዩ። ቀለሙ ተላጥቶ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ካወጣ እርጥበቱ የሚመጣው ከመሬት ነው። ይህን ችግር ቦርድ አይፈታውም።

2. ቦርዱን ውሃ በሚነካው ቦታ ልክ ምረጡ

ተራው ጂብሰም ቦርድ ለሻወር አይሆንም። አረንጓዴው ጂብሰም እርጥበት ይችላል፣ ውሃ ግን አይችልም። ከሽንት ቤቱ መቀመጫ በላይና ከበሩ አካባቢ ባለው ግድግዳ ላይ ቢገባ ችግር የለውም። ውሃ በየቀኑ የሚወርድበት ቦታ ላይ ግን አታስገቡት።

ለሻወሩ ግድግዳ የእኔ ምርጫ የሲሚንቶ ቦርድ ነው። ውሃ ቢጠጣም አይበሰብስም፣ አይላላም። ክብደት አለው፣ ሲቆረጥም አቧራው ሳንባ ይጎዳል፤ ሠራተኛው ማስክ ያድርግ። ውፍረቱ ለግድግዳ 12 ሚሊ አካባቢ ይሁን። 10 ሚሊ ውፍረት ያለው ፖርስሊን ብቻውን በካሬ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናልና ስስ ቦርድ ላይ አትቆጥቡ።

በሲሚንቶ የተሸፈነ የፎም ቦርድ ካገኛችሁ እሱም ጥሩ ነው። ቀላል ነው፣ ውሃም አያሳልፍም። መገጣጠሚያዎቹና ብሎን የገባባቸው ቦታዎች ግን በደንብ መደፈን አለባቸው። ማግኒዥየም ቦርድን በተመለከተ ጠንቀቅ በሉ፤ በማግኒዥየም ክሎራይድ የተሠራው ዓይነት እርጥበት ስቦ ብሎኑን ያዝገዋል።

3. ከመክፈላችሁ በፊት ሞክሩት

ሱቁ ውስጥ የሲሚንቶ ቦርድ ቁራጭ አይጠፋም። መዳፍ የምታክል ለምኑና ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አሳድሯት። ጠዋት አውጥታችሁ ጠርዟን በአውራ ጣት ጥፍር ጫን በሉ። ጥፍሩ ከሰመጠ፣ ወይም ቁራጯ እንደ መጽሐፍ ገጽ ከተገለጠች፣ ሻጩ ምንም ቢላችሁ ለሻወር አትሆንም። ከበደች እንጂ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ከሆነች ግዙ።

4. ብዛቱን በካሬ ብቻ አታስሉ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። እያንዳንዱ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 2.10 ሜትር ቁመት ያላቸው ሦስት ግድግዳዎች አሉ እንበል። ድምሩ 5.67 ካሬ ነው። 1.20 በ2.40 የሆነ ቦርድ 2.88 ካሬ ስለሆነ ሁለቱ 5.76 ይሆናሉ፤ ስሌቱ በቂ ነው ይላል። ሲቆረጥ ግን ከእያንዳንዱ ቦርድ የሚተርፈው 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ነው። ሁለቱ ቢገጣጠሙ 60 ነው፣ ሦስተኛውን ግድግዳ አይሸፍኑም። ሦስት ቦርድ ግዙ።

5. ሲገጠም አጠገቡ ሁኑ

ፍሬሙ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ይቁም፣ በቱንቢም ይለካ። ብሎኑ የማይዝግ ይሁን፤ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ይመታ። በቦርድና በቦርድ መሃል 3 ሚሊ ያህል ክፍተት ይተው፤ ክፍተቱ በሴራሚክ ማጣበቂያ ተሞልቶ ሲሚንቶ በማይበላው የፋይበር መረብ ይሸፈን። የቦርዱ ግርጌ ወለሉን አይንካ፤ ትንሽ ከፍ ይበል፣ አለዚያ ውሃ ወደ ላይ ይስባል።

ከሁሉም በላይ ይህን ያዙልኝ። የሲሚንቶ ቦርድ በውሃ አይበላሽም፣ ውሃን ግን አያስቆምም። የሚያስቆመው ከላዩ የሚቀባው ውሃ መከላከያ ነው። ሁለት ዙር ይቀባ፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው አይጨመር። ማዕዘኖቹና ቧንቧ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ለብቻ በመረብ ይጠናከሩ። ቅብ ካለ ከቦርዱ ጀርባ ፕላስቲክ አትጨምሩ፤ በሁለቱ መሃል የገባ እርጥበት መውጫ ያጣል። ግድግዳና ግድግዳ፣ ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ጥግ ደግሞ በሲሚንቶ ሳይሆን በሲሊኮን ይደፈን።