ከኢንተርኔት የወረደ ታሪክ ለገጠር ልጅ እንዲሆን

መንዝ ውስጥ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ልጆቼ ፊደል ገበታውን በቃላቸው ይወጡታል። ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ ግን የሚያነቡት የለም። ስለዚህ በነጻ የተለቀቁ የልጆች ታሪኮችን አውርጄ፣ ለእኛ አገር አመቻችቼ አባዛላቸዋለሁ።

የደቡብ አፍሪካው አፍሪካን ስቶሪቡክና የህንዱ ስቶሪዊቨር የሚባሉት የልጆች ታሪክ ድረ ገጾች በአማርኛም ታሪኮች አሏቸው። ኔትወርክ ያለበት ከተማ ስትወጡ ፒዲኤፉን ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ፈቃዱን እዩ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ (ደራሲው ሥራውን ሌሎች እንዲጠቀሙበት የሚለቅበት ፈቃድ) ሆኖ መቀየርን የማይከለክል ከሆነ ቀጥሉ። የደራሲውንና የሰዓሊውን ስም እንዳትሰርዙ፤ መቀየራችሁንም ጻፉ።

ዋናው ሥራ ማመቻቸቱ ነው፤ ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ምላስ ላይ የሚንገዳገደውን ዓረፍተ ነገር ቁረጡት። ለጀማሪ ቃሉም ማጠር አለበት። «አልመለሰችላቸውም» አንድ ቃል ነው፣ ግን አሥር ፊደል አለበት። ልጁ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። «ዝም አለች» በሉትና ገላግሉት። ከዚያ አንድ ደከም ያለ አንባቢ አስቀምጣችሁ አስነብቡት። የተሰናከለበትን አስምሩ፣ ቀይሩ።

ሥዕሉንም አስቡ። ጽሑፉ ገብስ እያለ ሥዕሉ ማንጎ ከሆነ ልጁ የሚያምነው ሥዕሉን ነው። በግ፣ ውሻ፣ ውሃ መቅዳት ያለባቸውን ምረጡ። ግን አታብዙት! ልጆቹ አላዩትም ብሎ ባሕርን መሰረዝ ለእኔ ንፍገት ነው። ሥዕል ካጣችሁ ደግሞ ልጆቹ አሉ። ጓሳ ላይ ጭላዳ ያየ ልጅ የሚያወራው አያጣም። እሱ ያውራ፣ እናንተ ጻፉ፣ ሥዕሉንም እሱ ይሳል።

ኅትመቱ ቀላል ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይወጣዋል፤ ባለ 16 ገጽ ታሪክ በ4 ወረቀት ያልቃል። ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ በጥቁርና ነጭ፣ በሁለቱም ፊት አስወጡት። ፊደሉ ተለቅ ይበል። መሐሉን በመርፌና ክር ስፉት።

አንዱን መጽሐፍ ለሁለት ልጅ ስጡ፤ አንዱ በጣቱ እየተከተለ ያንብብ፣ ሌላው ያርመው። ቅዳሜና እሁድ ቤት ይውሰዱት፣ ለእናት ለአባታቸው ያንብቡ። «ይቀድዱታል» የሚል ባልደረባ አይጠፋም። ይቅደዱት። ፋይሉ እጃችሁ ላይ ስላለ ሌላ ታወጣላችሁ።