«ዝም አይነቅዝም» ለመጋዘን አይሆንም፦ ሠራተኛ ችግርን ቀድሞ እንዲናገር ምን እናድርግ?

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የእህልና የበርበሬ መጋዘን አስተዳድራለሁ። ከጃቢ ጠህናን፣ ከቡሬና ከደምበጫ ዙሪያ በቆሎና ዛላ በርበሬ ይገባልናል፤ እናበጥራለን፣ እናስለቅማለን፣ እንጭናለን። አብረውኝ የሚሠሩት ጫኝና አውራጆች፣ ለቃሚ ሴቶች፣ ሚዛን ላይ የሚቆም ልጅ፣ ካቦ፣ ሂሳብ ሠራተኛና የሌሊት ጥበቃ ናቸው። ብዙዎቹ ከገጠር ቀበሌ በእግራቸው ይመጣሉ። እንዲህ ዓይነት ቤት ለምትመሩ፣ ወይም ካቦነት አዲስ ለተሰጣችሁ፣ እኔ ዘንድ የሠራውን ልንገራችሁ። ወፍጮ ቤትም፣ ዳቦ ቤትም፣ ጋራዥም ቢሆን ብዙው ይመለከታችኋል።

የአንድ ሥራ ቦታ ጤንነት የሚታወቀው፣ ከታች ያለው ሰው መጥፎ ወሬ ይዞ አለቃው ፊት ለመቆም ምን ያህል እንደሚፈራ ሲታይ ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ አገር ሰው ዝም የሚለው ስለማያውቅ አይደለም። ታላቁን ላለማሳፈር፣ የሰው እንጀራ ላለመንካት፣ ይሉኝታ ይዞት ነው። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ለጎረቤት ጠብ ጥሩ ምክር ነው፤ መጋዘን ውስጥ ግን ዝም በተባለ ቁጥር እህሉ ይነቅዛል።

ጥር ላይ የሆነ ነው። አንዲት ለቃሚ ከኋላው ክምር ጆንያ ልትስብ እጇን ሰደደችና ቆመች። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ የኋላው ክምር ሞቋል፤ ሽታውም ሌላ ነው» አለችኝ። ያንን በቆሎ የተረከቡት ካቦው ናቸው፤ እሷን ሥራ ያስገቧትም እሳቸው ናቸው። ይህን ሁሉ እያወቀች መጣች። ጆንያዎቹን አወረድን። ግርጌ ያሉት ውስጥ እጅ ሲገባ ወበቁ ይሰማል፤ ፍሬው እርስ በርሱ መያያዝ ጀምሯል። ሸራ ዘርግተን ፀሐይ ላይ አሰጣነው፣ የሻገተውን ለይተን አስወገድን። በቆሎ ለረጅም ጊዜ ሲከማች እርጥበቱ 13 በመቶ አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ ብዙ ካለፈ ይሞቃል፣ ይሻግታል፤ ሻጋታው የሚያመጣው አፍላቶክሲን ደግሞ ለሰውም ለከብትም መርዝ ነው፤ ቢቀቀል ቢጋገርም አይጠፋም። ያቺ ልጅ ባትናገር ጉዳቱ ከኛ ደጅ አልፎ የሰው ገበታ ላይ ይደርስ ነበር።

እንዲህ ያለ ወሬ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የምታደርጉትን ሁሉም ሠራተኛ ዓይኑን ተክሎ ያየዋል። ፊታችሁ ከተኮሳተረ፣ ወይም ከአፋችሁ ቀድሞ የሚወጣው «ማነው የተረከበው?» ከሆነ፣ የሚቀጥለው ክምር ተቃጥሎ እስኪያልቅ ማንም አይነግራችሁም። እኔ የጠየቅሁት «እንዴት ሊገባ ቻለ?» ብዬ ነው። ሰው ላይ የማይጠቁም ጥያቄ ለመልስ ያመቻል። ካቦውን ለብቻቸው ቢሮ አስቀምጬ ስሰማ፣ ነገሩ እንዲህ ነበር፦ የእርጥበት መለኪያው ባትሪ አልቋል። ባትሪ ለመግዛት በቤቱ አሠራር መጠየቂያ ተጽፎ ሁለት ፊርማ ይፈልጋል፤ ፈራሚዎቹ ያን ቀን ባሕር ዳር ነን። ገበሬው ከነጭነቱ ደጅ ላይ ቆሟል፤ ይመሻል። እሳቸውም አባቶቻቸው እንደሚያደርጉት ፍሬውን በጥርሳቸው ሰብረው አይተው አስገቡት።

እንግዲህ ካቦውን ብቀጣ ባትሪው አይገዛም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚዛን ላይ ያለው ልጅ እጅ ትንሽ ገንዘብ ይቀመጣል። ባትሪ፣ የጆንያ መስፊያ ክር፣ መርፌ፣ አምፖል ማንንም ሳይጠይቅ ይገዛል፤ ቅዳሜ ደረሰኙን ለሂሳብ ያስረክባል። መለኪያ ካልሠራ ጭነት አለመቀበልም መብቱ ነው፤ በዚህ ማንም እንደማይቆጣው በሁሉም ፊት ተናግሬያለሁ። ልጅቷን ያመሰገንኩት ግን ፈቃዷን ጠይቄ ነው። ምስጋና በአደባባይ ሲሆን ደስ ይላል፤ ሆኖም አንዲት ለቃሚ በካቦዋ ላይ ተናገረች ተብሎ ስሟ ቢነሳ ምን እንደሚከተል የምታውቀው እሷ ናት። «ስሜን አንሺው» አለችኝ፤ አነሳሁት። ባትፈቅድ ኖሮ «በጊዜ ተነገረን፣ የነገረን ሰው እግዜር ይስጠው» ብዬ አልፍ ነበር።

ጆሮ ክፍት ስታደርጉ ታዲያ የሥራ ችግር የሚያመጣውም ነገር የሚያመላልሰውም አብረው ይመጣሉ። እዚህ ላይ ብዙ አለቃ ይሳሳታል። አለቃው ሐሜት ይወዳል ከተባለ ጥሩው ሠራተኛ አፉን ይዘጋል፤ አሳባቂው ወንበር ስቦ ይቀመጣል። እኔ የምለየው እንዲህ ነው። የመጣው ሰው የሚያወራው ስለ ዕቃ፣ ስለ ሚዛን፣ ስለ ክምር፣ ስለ ሰዓት ከሆነ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፣ እጽፋለሁ። ስለ ሰው ከሆነ «እሱ ባለበት ደግመህ ትነግረኛለህ ወይ?» እላለሁ። እሺ ካለ እጠራውና ሦስታችን እንነጋገራለን። እንቢ ካለ ወሬው እዚያው ይቀራል፤ በልቤም አልይዘውም። ይህን ደጋግሞ ያየ ሠራተኛ ነገር ማመላለስ ይተዋል።

ከዚህ ደንብ ውጭ የሆነ ነገር አለ። አንዲት ሴት፣ አንድ ሰው እጁን እንደሰደደባት ወይም ስለ ሥራ ብሎ ሌላ ነገር እንደጠየቃት ልትነግራችሁ ከመጣች «እሱ ባለበት ንገሪኝ» አይባልም። ዛቻም እንደዚሁ ነው። ለብቻዋ፣ የምታምናት ሌላ ሴት አብራት ተቀምጣ ይሰማል። ጉዳዩ እስኪጣራ ከቦታው የሚነሳው እሱ ነው እንጂ እሷ አይደለችም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል፤ ሽማግሌ ተቀምጦ እርቅ ይውረድ ለሚላችሁ ሰው ይህንን አሳዩት።

ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ጥቂት ደቂቃ ቆመን እንነጋገራለን። «ችግር አለ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ሁልጊዜ «ኧረ ምንም የለ፣ እግዜር ይመስገን» ነው። ስለዚህ እንዲህ ጠይቁ፦ «ትናንት የትኛው ሥራ ነው ያስቸገራችሁ?» «ዛሬ መጀመሪያ መታየት ያለበት ክምር የቱ ነው?» «ምን ዕቃ ሊያልቅ ነው?» ደግሞም ከታናሽ ጀምሩ። ታላቅ ቀድሞ ከተናገረ በኋላ ታናሹ አፍርሶ ሊናገር አይችልም፤ አስተዳደጉ አይፈቅድለትም። ታናሹ አስቀድሞ ከተናገረ ግን ታላቁ ማረም ይችላል፤ ማንም አያፍርም። በር ላይ የሚሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሳጥን፣ ብዙ ሰው መጻፍ በማይችልበት ቤት ጥቅም የለውም፤ የምትጠይቅ አንደበት ትሻላለች።

ሰው ሲያጠፋ በጉባኤ መካከል አታስነሱት። ብዙዎቻችን ግምገማ የሚሉትን ነገር በየመሥሪያ ቤቱ አይተናል፤ ሰው ተራ በተራ እየተነሳ ራሱን ይወቅሳል፣ ሌላው ይጨምርለታል፣ ሲያበቃ ሁሉም ቂም ይዞ ይወጣል። ጥፋት በዚያው ቀን፣ ለብቻ፣ የሆነውን ነገር ብቻ ጠቅሶ ይነገር። «አንተ ሰነፍ ነህ» አይባልም፤ «ማክሰኞ ጭነቱ ሲመጣ አልነበርክም፤ ሁለት ሰው ያንተን ድርሻ ተሸከመ» ይባላል። ሲደጋገም በጽሑፍ ስጡ። በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ የዘገየን ወይም በድምሩ አምስት ቀን የቀረን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ለማሰናበት እንኳ፣ አዋጁ ስለዚያው ጥፋት አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲነገረው ይፈልጋል። በቁጣ «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» ማለት ሕግም አይደለም፣ ሰውነትም አይደለም።

ስለ አጠራር አንድ ነገር ልበል፤ ከልቤ የሚያሳዝነኝ ነው። አባት የሚሆን ጫኝ ቀን ሠራተኛ ስለሆነ ብቻ ልጅ እግር ካቦ «አንተ፣ ና አንሳ!» ይለዋል። ያው ካቦ ሠፈሩ ሲገባ ያንን ሰው «ጋሼ» ብሎ ከመቀመጫው ይነሳለታል። የሥራ ልብስ ሲለበስ አክብሮት የሚወልቅበት ምክንያት የለም። እኔ ዘንድ ለታላቅ «እርስዎ» ወይም «ጋሼ»፣ ለሴቷም «እትዬ» ይባላል፤ አዲስ ካቦ ሲመጣ ከሚዛኑ በፊት የማሳየው ይህንን ነው።

ይህ ሁሉ ግን ደመወዝ በቀኑ ካልተከፈለ ከንቱ ነው። ቅዳሜ ከተባለ ቅዳሜ፣ ገበያ ሳይበተን። ገንዘቡ የሚዘገይ ከሆነ ዓርብ ንገሩ፤ ሰዉ ዱቤውን እንዲያስተካክል። የትርፍ ሰዓት አከፋፈሉን በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ ማንበብ ለማይችለውም አንብቡለት። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ሲሠራ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የመደበኛው አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 አንድ ከሦስት ሩብ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል ይከፈላል። ለቅሶ ለደረሰበት ሠራተኛ አዋጁ የሚሰጠው ከደመወዝ ጋር ሦስት የሥራ ቀን ነው። ፈቃዱን ከመስጠት በተጨማሪ ድንኳኑ ድረስ ሂዱ፤ ሰው ልካችሁ አትቅሩ።

ጎጃም ውስጥ ሰው የምትመሩ ከሆነ የቀን አቆጣጠሩን ከሰዉ ኑሮ ጋር አስማሙ። ከገጠር የሚመጣው ሠራተኛ በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ27 መድኃኔዓለምን፣ በ29 ባለወልድን ያከብራል። እነዚህ ሁሉ ወር በገባ ቁጥር የሕዝብ በዓል አይሆኑም፤ ግን መኪና ለዚያ ቀን ቀጥራችሁ ሰው ቀረብኝ ብሎ መቆጣት ለማንም አይበጅም። ወር ሲገባ ቁጭ ብላችሁ ማን የቱን እንደሚያከብር፣ በምን ቀን እንደሚያካክስ ተስማሙ። በዓቢይ ጾም 55 ቀን፣ ብዙው ጫኝ እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምስም። ከባዱ ጭነት ከንጋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ይለቅ፤ ከሰዓት በኋላ መጥረግ፣ መስፋት፣ መቁጠር ይሁን። ለሙስሊም ሠራተኞቻችሁ በረመዳን እንዲሁ አድርጉ፤ የዓርብ ሶላት ሰዓትም ሳይጠይቁ የተከበረ ይሁን።

ጀርባም ይታሰብ። መቶ ኪሎ ጆንያ በአንድ ሰው ትከሻ ማስጫን ለምደናል። ማዳበሪያ በ50 ኪሎ ከረጢት ከመጣ በቆሎስ ለምን አይሆንም? እኛ ወደ 50 ቀይረናል። በርበሬ ለቃሚዎቹም ማስክ፣ መታጠቢያ ውኃና ክፍት መስኮት ይሰጣቸው፤ ብናኙ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስነጥሳል፣ ሌሊት ያስላል።

ቅጥር ላይ ዘመድ ይመጣል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚሉ ሰዎች ደጃችሁን ያንኳኳሉ። ዘመድ አይቀጠር አልልም፤ በትንሽ ከተማ ዘመድ ያልሆነ የለም። ግን እኔ የማውቀው ሰው ሲያመለክት መራጭ አልሆንም፤ ካቦው፣ ሂሳብ ሠራተኛውና አንድ ከሠራተኛው የተወከለ ሰው ያያሉ። ከተቀጠረ በኋላም ዘመድ በዘመዱ ሥር አይመደብም። ለቃሚዋ ካቦው የአክስቷ ባል ከሆነ፣ ክምር ሞቋል ብላ ለመናገር ቤቷን ጭምር መፍራት አለባት።

በመጨረሻ ሥልጣን አከፋፍሉ። መንገድ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፤ እናንተን ማግኘት የማይቻልበት ቀን መኖሩን አስባችሁ አስቀድማችሁ ጻፉ፦ ጭነት የማስቆም መብት የማን ነው? ደመወዝ ማን ይከፍላል? የካዝናው ሁለተኛ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው? የታመመ ሠራተኛ ሐኪም ቤት የሚወስድ ገንዘብ ከየት ይወጣል? ስሞቹን ከእነ ምትካቸው ጽፋችሁ ሚዛኑ ጎን ለጥፉት፤ ሰው ሲቀየር በዚያው ቀን አድሱት።