ያለ ኤስኤቲ ኮሌጅ ስትቀይሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ብዙ ቦታ የኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎቹ ኤስኤቲም ሆነ ኤሲቲ አይጠየቁም። በርክሌይና ዩሲኤልኤን የመሳሰሉት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ውጤቱን ብትልኩላቸው እንኳ ለቅበላ አያዩትም። ጥሩ ዜና ነው። ግን ፈተናው ሲቀር ሁሉም ነገር ትራንስክሪፕታችሁ፣ ማለትም የወሰዳችኋቸው ኮርሶችና ውጤቶች መዝገብ ላይ ይወድቃል። ልጆቻችን ሲጎዱ የማየው እዚያ ላይ ነው።

ትልቁ ስህተት «ክሬዲቱ ያልፋል» ሲባል ሰምቶ መረጋጋት ነው። ማለፍና ለዲግሪው መቆጠር ለየቅል ናቸው። ሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን፣ ኖቫ የምንለውን፣ እንውሰድ። ኤምቲኤች 261 አፕላይድ ካልኩለስ ነው፤ 3 ክሬዲት። ኤምቲኤች 263 ደግሞ ካልኩለስ አንድ ነው፤ 4 ክሬዲት። አንዲት ተማሪ 261ን ወስዳ ኤ አመጣች እንበል። ኮምፒዩተር ሳይንስ ወይም ኢንጂነሪንግ ልትገባ ከሆነ እዚያው ቨርጂኒያ ያለው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ስትደርስ ካልኩለስን እንደገና ከሀ ትጀምራለች። ክሬዲቱ ተመዝግቦላታል፤ የሚፈለገውን ኮርስ ግን አይተካላትም። ካልኩለስን የሚጠብቁት ኮርሶችም አብረው ይዘገያሉ። ኤ አምጥታ አንድ ሰሚስተር መክሰር ያንገበግባል።

ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት የምትሄዱበትን ዲፓርትመንት የኮርስ ዝርዝር አውጡ። ካሊፎርኒያ ያላችሁ አሲስት የሚባለው ድረ ገጽ ኮርስ በኮርስ ያሳያችኋል። ሌላ ስቴት ያላችሁ የዩኒቨርሲቲውን የክሬዲት ማዛወሪያ ሰንጠረዥ ፈልጉ። ያላችሁበትን ኮሌጅ አድቫይዘር ብቻ ሳይሆን የምትሄዱበትንም ጠይቁ። መልሱን በኢሜይል ተቀበሉ። የየኮርሱን ሲላበስም፣ ማለትም የትምህርቱን ዝርዝር ይዘት፣ አትጣሉ፤ ክሬዲት ስትከራከሩ የምታሳዩት እሱን ነው።

ሁለተኛው የድሮ ትራንስክሪፕትን መደበቅ ነው። አንድ ሰሚስተር ጀምራችሁ፣ ሥራ በዝቶባችሁ፣ ኤፍ ይዛችሁ የወጣችሁበት ኮሌጅ ሊኖር ይችላል። ማመልከቻው የተማራችሁበትን ኮሌጅ ሁሉ ይጠይቃል። ኮሌጆችም የምዝገባ ታሪካችሁን የተማሪዎችን የምዝገባ መረጃ በሚያሰባስበው ናሽናል ስቱደንት ክሊሪንግሃውስ በኩል ማየት ይችላሉ። ኋላ ከታወቀ ቅበላው ሊሰረዝ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ምክንያቱን በአጭሩ ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ያመጣችሁት ውጤት ቀሪውን ይናገርላችኋል።

አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ጀምራችሁ በዲቪ ወይም በቤተሰብ የመጣችሁም ያን ትምህርት አትተዉት። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ደብሊውኢኤስ ባለ የውጭ አገር ትምህርት ገምጋሚ ድርጅት ኮርስ በኮርስ ተገምግሞ እንዲመጣ ይፈልጋሉ። ኦፊሴላዊው ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር የሚወጣ ነው። አገር ቤት ተመላልሶ የሚያስጨርስላችሁ ዘመድ ስለሚያስፈልግ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

ፈተና የትም አይጠየቅም ብሎ ማሰብም ያስቸግራል። ኤምአይቲ በ2022 ኤስኤቲ ወይም ኤሲቲን እንደገና መጠየቅ ጀምሯል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ክሬዲታችሁ ትንሽ ከሆነ እንደ ጀማሪ ቆጥሮ የሃይስኩል ውጤትና ፈተና ይጠይቃል። ቶፍልም ሌላ ጉዳይ ነው። ኤስኤቲ ቀረ ማለት የእንግሊዝኛ ፈተና ቀረ ማለት አይደለም። ኮሌጅ የወሰዳችሁት የእንግሊዝኛ ኮርስ ይተካው እንደሆነ ጠይቁ።

ገንዘቡ ላይ የሚሳሳቱም ብዙ ናቸው። እርዳታው አብሯችሁ አይዛወርም። የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻው ፋፍሳ ላይ አዲሱን ዩኒቨርሲቲ ራሳችሁ መጨመር አለባችሁ። የማይመለሰው የፌዴራል እርዳታ ፔል ግራንትም በሙሉ ጊዜ ተማሪ ሲሰላ ከ12 ሰሚስተር አያልፍም። በማይቆጠር ኮርስ የባከነ ሰሚስተር ከዚያው ይቀነሳል።

በኤፍ-1፣ በተማሪ ቪዛ፣ ያላችሁ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የሴቪስ መዝገባችሁ (መንግሥት የውጭ አገር ተማሪዎችን የሚከታተልበት) ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት የሚለቀቅበትን ቀን የምትወስኑት የመጨረሻ ምርጫችሁን ካደረጋችሁ በኋላ ይሁን። ቀኑ ካለፈ የድሮው ኮሌጅ ሊሰርዘው አይችልም፤ ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አዲሱን አይ-20 ቅጽ የሚሰጣችሁም መዝገቡ የተላከለት ትምህርት ቤት ነው።