በዊንዶውስ የተጻፈ ስክሪፕት በሊኑክስ አልሠራ ሲል፦ የመስመር መጨረሻን መመርመርና ማስተካከል

በዊንዶውስ የተጻፈ የባሽ ስክሪፕት (ባሽ የተባለው ፕሮግራም በተራ የሚፈጽማቸው ትዕዛዞች የተጻፉበት ፋይል) ወደ ሊኑክስ ተወስዶ ሲጠራ፣ ፋይሉ በቦታው እያለ «እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ማውጫ የለም» የሚል መልስ ከመጣ፣ አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት የመስመር መጨረሻ ነው። ሊኑክስና የዛሬው ማክ መስመርን የሚዘጉት ቁጥሩ 10 በሆነ አንድ ባይት፣ በላይን ፊድ ሲሆን፣ ዊንዶውስ ግን ከእርሱ በፊት ቁጥሩ 13 የሆነውን ካሪጅ ሪተርን ያስገባል። ስለዚህ ስክሪፕቱን የሚያስኬደውን ፕሮግራም በሚጠቅሰው የመጀመሪያ መስመር «ባሽ» ከሚለው ስም ቀጥሎ የማይታይ ባይት ይቀራል፤ ሊኑክስም ባሽን ሳይሆን ይህ ባይት በስሙ ጫፍ የተለጠፈበትን፣ የትም የሌለ ፕሮግራም ይፈልጋል። መልእክቱ የጠፋው ስክሪፕቱ ራሱ ስለሚያስመስል፣ ብዙ ሰው የፋይሉን አድራሻና ፈቃድ ሲመረምር በከንቱ ይደክማል።

ከማስተካከል በፊት ማየት ይገባል። በሊኑክስ ካት የተባለው ትዕዛዝ በትልቁ ኤ አማራጭ ሲጠራ በየመስመሩ ጫፍ የዶላር ምልክት ያሳያል፤ ፋይሉ የዊንዶውስ ከሆነ ከዶላሩ በፊት የካሬት ምልክትና (^) ትልቁ ኤም ይታያሉ። በማክ ይህንኑ የሚያሳየው የትንሹ ኢ አማራጭ ነው። ከአስኪ (ከመሠረታዊ የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ስብስብ) ውጭ ያሉ ፊደላት በዚህ እይታ የተበላሹ ቢመስሉም ፋይሉ አልተነካምና ሊያስደነግጥ አይገባም።

ለመለወጥ ዶስ2ዩኒክስ የተባለውን ፕሮግራም እመርጣለሁ፤ ጽሑፍ ያልሆኑ ፋይሎችን በራሱ ያልፋቸዋልና። ቲአር በተባለው ትዕዛዝ ባይት 13ን መሰረዝም ይቻላል፤ ነገር ግን ያገኘውን ሁሉ ያለ ልዩነት ስለሚሰርዝ በምስል ወይም በታመቀ ፋይል ላይ ከተሠራበት ፋይሉን ያበላሸዋል። ውጤቱንም ወደዚያው ፋይል መልሶ መላክ አይገባም፤ ሼሉ (ትዕዛዞችን ተቀብሎ የሚያስኬደው እንደ ባሽ ያለ ፕሮግራም) ትዕዛዙ ሥራ ሳይጀምር ፋይሉን ባዶ ያደርገዋል።

በጊት (የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ፕሮግራም) የሚሠራ ቡድን ግን ችግሩን ከምንጩ ቢያቆመው ይሻላል። የመስመር መጨረሻን በራሱ የሚለውጠው «አውቶሲአርኤልኤፍ» የተባለው የጊት ቅንብር በእያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥ በመሆኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል፤ ስሙ በነጥብ የሚጀምረው የጊትአትሪቢዩትስ ፋይል ግን ከኮዱ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ለሁሉም አንድ ሕግ ይሆናል። በዚህ ፋይል ውስጥ የሼል ስክሪፕቶች መስመሮች ሁልጊዜ በላይን ፊድ ብቻ፣ የዊንዶውስ ባች (የትዕዛዝ) ፋይሎች መስመሮች ደግሞ በሁለቱ ባይቶች እንዲያልቁ መደንገግ ያስፈልጋል። ሕጉ ከተጻፈ በኋላ የቆዩት ፋይሎች ከጊት አድ ትዕዛዝ ጋር በሚሰጠው የሪኖርማላይዝ አማራጭ ይስተካከላሉ፤ ለውጡም ለብቻው ኮሚት ይደረግ (በጊት ይመዝገብ)፤ አለዚያ በመቶ የሚቆጠሩ መስመሮች የተለወጡ መስለው ሲታዩ እውነተኛው የኮድ ለውጥ በመካከላቸው ይሰወራል።