የአላስካ ሙስ ሥጋ፦ ችግርና መፍትሄ

ፈቃድ ማውጣት፣ ቢላ መሳል፣ የምታድኑበትን ቀጠና ደንብ ማንበብ የታወቀ ስለሆነ አልደግመውም። እኔን የሚያነጋግረኝ ሙሱ፣ ማለትም ያ ግዙፍ የአጋዘን ዘር፣ ከወደቀ በኋላ የሚመጣው ጣጣ ነው።

ችግር፦ ሥጋው ከላይ ቀይ፣ ከውስጥ የሸተተ

በየመስከረሙ የሚመጣብኝ ይኸው ነው። ታፋው ሲያዩት ያምራል፤ ቢላው አጥንቱ ጋ ሲደርስ ግን ወደ አረንጓዴ ያደላ ግራጫ ሥጋና አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጎምዛዛ ሽታ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዳሌው መገጣጠሚያ ነው፤ ቀጥሎ ወርቹ።

ምክንያቱ ታምቆ የቀረ ሙቀት ነው። ትልቅ ወንድ ሙስ ከ500 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ቆዳው ለአላስካ ክረምት የተሠራ ስለሆነ ሙቀት አያስወጣም፤ የታፋው መሃል ለሰዓታት ትኩስ ሆኖ ባክቴሪያ ያራባል።

«ውርጭ ነበር እኮ!» ይሉኛል። አንዱ አመሻሽ ላይ ገድሎ፣ ሆድ ዕቃውን ብቻ አውጥቶ፣ ከነቆዳው በረዶ ላይ አሳደረው። በማግስቱ ጋራዥ ውስጥ ስንከፍተው አጥንቱ ዙሪያ ገና ለብ ያለ ነበር። ሁለቱም ታፋ ገደል ገባ። ሌላው ደግሞ ጫካ ውስጥ በወጉ ገፎ፣ በወጉ በብልት ለያይቶ፣ መኪናው እንዳይቆሽሽ ብሎ በላስቲክ ጠቅልሎ አመጣው። የመኪና ምንጣፍ ከሥጋው በልጦበት!

መፍትሄ፦ ሆድ ዕቃውም ቆዳውም ወዲያው ይውጣ። ታፋውን በውስጥ በኩል አጥንቱን ተከትላችሁ እስከ አጥንቱ ሰንጥቁት፤ መገጣጠሚያው አየር ያግኝ። ሥጋውን ከአጥንት ጨርሶ መለየት ይበልጥ ያቀዘቅዛል፤ ግን በአንዳንድ ቀጠናዎች ታፋ፣ ወርችና ጎድን ከነአጥንቱ ከጫካ እንዲወጣ ሕጉ ያስገድዳል። ለዚህ ነው ሰንጥቁ የምለው። ከዚያ አቡጀዲ ከረጢት ውስጥ ከትታችሁ ጥላ ሥር ስቀሉት። ለዝናብ ሸራ ከላይ ወጥሩ፤ ሥጋውን ግን እንዳይነካው። ላዩ ደርቆ ቅርፊት ሲያበጅ ዝንብም ይቸገራል። ቀኑ ከሞቀ ውሃ በማያስገባ ከረጢት አሽጋችሁ ወንዝ ውስጥ ንከሩት፤ እንደቀዘቀዘ አውጥታችሁ ስቀሉት። በከረጢቱ እንዳለ ማሳደር የለም። ላስቲክ የለም። ፌስታልም የለም።

ከሸተተስ? ጠባብ ቦታ ብቻ ከሆነ ዙሪያውን አስፍታችሁ ቆርጣችሁ ጣሉ። ከተዛመተ ሚጥሚጣም አያድነውም። ቋንጣ አድርጌ አተርፈዋለሁ የሚል እቤቴ አይምጣ።

ችግር፦ ሲበስል የሽንት ጠረን

የስሪያ ወቅት ወንድ ነው። ስሪያው የሚጋጋለው ልክ በመስቀል ሰሞን ነው፤ ኮርማው መብላቱን ትቶ ሽንቱን በሸናበት ጭቃ ውስጥ ይንከባለላል። «ለመስቀል ትልቁን ላምጣ» የሚል ጀግና ቤቱን አሽትቶ ይከርማል። አደኑ በተከፈተ ሰሞን፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ውጡ። ቆዳ በያዘ እጅና ቢላም ሥጋ አትንኩ፤ ግማሹ ጠረን የሚመጣው ከዚያ ነው።

ችግር፦ ሥጋው እንደ ጎማ

ቶሎ ፍሪዘር ገብቷል። ጡንቻው ሳይላላ ከቀዘቀዘ ይኮማተራል። የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን ከ10 ዲግሪ በታች አታውርዱት፤ ከዚያ 4 ዲግሪ አካባቢ ለጥቂት ቀናት ይሰቀል። ግማሽ ቀን ማለት ከነቆዳው ማለት አይደለም፤ ከላይ ያልኩትን አንብቡ።

ችግር፦ ሥጋው ውስጥ ሩዝ የሚመስል ነጭ ነገር

የኮሶ ትል ቋት ነው። በደንብ ይብሰል። ባይታይም ቢሆን የዱር ሥጋ ለጥሬ አይሆንም፤ ክትፎ የሚያምራችሁ ሉካንዳ ሂዱ።

ዝንብ ከጣለበት፦ በቢላ ፍቁ፣ አድርቁ።

ዱለት ላማራችሁ፦ ያረጀ ሙስ ጉበቱና ኩላሊቱ ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት ያጠራቅማል፤ ተዉት። ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ እጢ ካያችሁም ለውሻ አትስጡ፤ እጢው ውስጥ ያለው ትል ውሻው ሆድ ውስጥ አድጎ እንቁላሉ ወደ ልጆቻችሁ ይመጣል።