በዋሽንግተን ዙሪያ ስንኖር ስለ ምርጫ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከባዱን ላስቀድም። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ «ለምርጫ ልመዝግብዎት?» ይባላሉ። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ወረፋው አስጨንቆት ወይም እምቢ ማለት ነውር መስሎት «እሺ» ይልና የአሜሪካ ዜጋ ነኝ የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት በራሱ ከአገር ሊያስባርር ይችላል፤ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት ደግሞ እስከ አንድ ዓመት ያሳስራል። የዜግነት ማመልከቻው ላይም «ዜጋ ነኝ ብለው ወይም ድምፅ ሰጥተው ያውቃሉ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቅዎታል። ያልገባዎትን ቅጽ አይፈርሙ፣ ከኋላ የተሰለፈው ቢቆጣ ይቆጣ። ተሳስቶ የተመዘገበ ካለ ሌላ ነገር ከማድረጉ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር።

ይህን ፈርቶ «ዜጋ ካልሆንኩ ምርጫ አይመለከተኝም» ማለትም ስህተት ነው። የሜሪላንዷ ከተማ ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿን በከተማ ምርጫ ታሳትፋለች። የዋሽንግተን ዲሲ ካውንስል (የከተማው ምክር ቤት) በ2022 ያጸደቀው ሕግም 30 ቀን የኖረ ሰው ከንቲባና የካውንስል አባላት እንዲመርጥ ይፈቅዳል። ለዜጋ ላልሆኑ የተለየ ቅጽ ስላለ የተለመደውን አይሙሉ። የኮንግረሱ የተወካዮች ምክር ቤት ሕጉን ለመሻር ከአንዴም በላይ ድምፅ ስለሰጠ፣ ከመሄድዎ በፊት ሕጉ አሁንም መኖሩን ያጣሩ።

አድራሻም ያሳስታል። ብዙ ሐበሻ ያለባት ሲልቨር ስፕሪንግ ከታኮማ ፓርክ ጋር ብትዋሰንም የራሷ ከንቲባ የላትም፤ የምትተዳደረው በሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ጎረቤት ከተማ ያለው ወዳጅዎ መረጠ ማለት እርስዎም ይመርጣሉ ማለት አይደለም።

በበዓል ነጠላ ለብሶ፣ እንጀራ ቆርሶ ፎቶ የተነሣን እጩ ወዲያው ማመን ሌላው ስህተት ነው። የካውንስል አባል ከሆነ ለየትኛው ሕግ ድምፅ እንደሰጠ መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ነው።

እኔን የሚያስቆጨኝ ግን የሰፈሩን ስብሰባ መናቃችን ነው። ዲሲ ውስጥ ኤኤንሲ የሚባሉ የየሰፈሩ አማካሪ ኮሚሽኖች አሉ። አንድ ኮሚሽነር 2,000 ያህል ነዋሪ ይወክላል፣ ደመወዝ የለውም። የመጠጥ ፈቃድ ሲጠየቅ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የኮሚሽኑን አስተያየት በቁም ነገር እንዲመዝን ሕግ ያስገድደዋል። ምግብ ቤት ያለው ወገናችን ግን ብዙ ጊዜ እዚያ የሚሄደው ጎረቤት «ሙዚቃው በዛ» ብሎ ከተቃወመው በኋላ ነው። ቀበሌ ያየ ሰው ስብሰባ ቢሸሽ አልፈርድበትም፤ ስብሰባ ማለት ግምገማና መዋጮ ነበር። እዚህ ግን ገብቶ ጥግ ይዞ አዳምጦ መውጣት ይቻላል፤ ፈቃዱ ከመታደሱ ወራት በፊት ኮሚሽነሩን በስም ማወቅ ደግሞ ለጠበቃ ከሚከፈለው ይረክሳል።