በበረዶ ወራት ፀጉር እንዳይንጨባረር

እንደ ሚኒሶታ ባለ ብርዳም አገር ቤት የሚያሞቀው ሂተር አየሩን ያደርቀዋል። የደረቀ ፀጉር ከሱፍ ኮፍያ ጋር ሲፋተግ እያንዳንዷ ዘለላ ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለምትይዝ አንዷ ሌላዋን ትገፋለች። ኮፍያው ሲወልቅ ፀጉር እየተንጣጣ የሚቆመው ለዚህ ነው።

ከታጠቡ በኋላ በፎጣ አይሹት፤ በጥጥ ቲሸርት ጫን ጫን እያደረጉ ውሃውን ያስመጥጡ። ገና እርጥብ ሳለ የማይታጠብ ኮንዲሽነር ከመሃል እስከ ጫፍ ይቀቡ፤ ከዚያ 2 ወይም 3 ጠብታ ዘይት መዳፍዎ ላይ አሽተው ያስከትሉ። ዘይት ብቻውን ደረቅ ፀጉር ላይ ቢደረግ ያወዛል እንጂ አያረጥብም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የፕላስቲኩን ማበጠሪያ በእንጨት ሚዶ ይለውጡ። ኮፍያዎ ውስጥ የሳቲን ገበር ያሰፉበት። የአየር ማርጠቢያ ማሽን ካለዎት የቤቱን አየር እርጥበት ከ30 እስከ 40 በመቶ ላይ ያቆዩት፤ መስኮቱ ካላበው ይቀንሱ።